የሚጠራው ያጣው ሽማግሌ

ተረቴ መጣ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ልቀቁለት!

ድሮ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረ ጊዜ፣ ኩራባቸው የሚባል ውሻ ነበረ። ጌታው ባሻ ይመኑ በወጣትነቱ አገር ላገር የዞረ ነጋዴ ነው። ከምዕራብ መስታወት፣ ከቻይና ደግሞ የሻይ ሲኒ አምጥቶ ነበር። ያኔ ቤቱ እንግዳ አያጣም፤ ጎረቤቶቹም በአጥሩ ላይ «የአስካለ አባት!» እያሉ ይጣሩ ነበር። አይ ያ ጊዜ! ኩራባቸው ያን ድምፅ ሲያስታውስ ጅራቱ ሳያስበው ይወዛወዛል።

በኋላ ልጁ አስካለ ሩቅ አገር ተዳረች። እናቷም ሞተችና ባሻ በሐዘን ደጁን ዘጋ። የሚጠራው ጠፋ። ሳይጠራ ሲኖር፣ ሲኖር፣ የገዛ ስሙን ረሳው። አንድ ቀን ጧት ዱላውን አነሣና፣ «ይህ ቤት የማን ነው? በሰው ቤት ምን አስቀመጠኝ? ልሂድ እንጂ» አለ።

ኩራባቸው ደነገጠ። ከመንደሩ ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ጅብ አለ። «ኧረ ጌታዬ ሊሄድብኝ ነው! ምን ይሻላል?» አለ።

መስታወት፣ «ለእኔ ተወው» አለ። «ሰው ማለት ብቻውን ቆሞ፣ ራሱን አይቶ፣ ‹እኔ ነኝ› የሚል ነው። ይየኝና ያስብበት።»

ባሻ ወደ መስታወቱ ቀረበ። አየ፣ አየና ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ አባቴ? ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?» አለ። መስታወት አፈረ።

ሲኒ ሳቀች። «እኛ ስንሠራ ስድስት ነበርን። ሰውም ብቻውን አልተሠራም፤ የእገሌ አባት፣ የእገሊት ጎረቤት ነው። ያንሣኝ፣ ትዝ ይለዋል» አለች።

ባሻ እጁ እንደለመደው ሻይ አፍልቶ ቀዳ። ሲኒዋን ይዞ እጁን ዘረጋ። የሚቀበለው የለም። መልሶ አስቀመጣትና እንባው መጣ። ሲኒም አፈረች።

ኩራባቸው ግን በአጥሩ ሾልኮ ወጣ። የጥንት ጎረቤታቸውን የወይዘሮ ስንዱን ነጠላ ነክሶ ጎተተ፣ ጎተተ። «ምን ሆነህ ነው አንተ!» እያለች ተከተለችው። ሲደርሱ ባሻ ዱላውን ይዞ ከደጁ ሊወጣ ነው።

«የአስካለ አባት!» ብላ ተጣራች።

ባሻ ቆመ። ስንዱ በእሱ ፈንታ ልትመልስለት አትችልም፤ ኩራባቸውም አይችልም። ሁሉም ጠበቁ።

«አቤት!» አለ ባሻ።

እጁን ይዛ አስገባችው። በመስታወቱ ፊት ሲያልፉ ሁለት ፊት ታየ። «ይቺ ስንዱ ናት» አለ። «አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ደግሞ . . . እኔ ነኝ! ወይ ማርጀት!» ሲኒዋንም አንሥቶ ሻዩን ሰጣት።

መስታወትና ሲኒ፣ «ታዲያ ማናችን ረታን?» ብለው ኩራባቸውን ጠየቁት።

«ሰው የሚጠራው ይፈልጋል፤ አቤት የሚለው ግን ራሱ ነው» አላቸውና ደጁ ላይ ተኛ።

ተረቴ ሄደ። እናንተም ስትሄዱ ደጁን የዘጋ ጎረቤት ካላችሁ፣ በአጥሩ ላይ ጥሩልኝ።