መቅዘፊያዋን ያስመለሰችው ሥዕል

ተረቴ መጣች! «ትምጣ፣ ቦታ አላት!» በሉኛ።

ድሮ ድሮ፣ ቀለምና ብሩሽ አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን፣ ጣና ዳር አንጓች የምትባል ታንኳ ቀዛፊ ነበረች። አንድ ቀን ሙሽራውን ከስድስት ሚዜዎቹ ጋር፣ ሰባት ሠርገኞች አሳፍራ ስትሻገር ማዕበል ተነሣ። እሷ ግን እየቀዘፈች ሰባቱንም በደህና አወጣቻቸው። የአገሩ ሰው ደስ ቢለው፣ «ይህ ነገር በሥዕል ይቀመጥልን» ብሎ ሠዓሊውን አለቃ መርሻን ለመነው።

አለቃ መርሻ እጁ ወርቅ ነው። ግን የሚሥለው እንደ አባቱና እንደ አያቱ ነው። ሰባቱን ወንዶች መሐል አቆማቸው፤ ጦርና ጎራዴ አስታጠቃቸው። መቅዘፊያውን ለሙሽራው ሰጠው። አንጓችንስ? ጥግ ላይ አስቀመጣት። ጣቶቿን አለንጋ አስመሰለ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረ፣ እንስራ አሸከማት። ሐይቅ መሐል እንስራ! ወይ ጉድ!

ሥዕሊቱ ነቅታ ራሷን ብታይ ደሟ ፈላ። በሳምንቱ በዓል ነው፤ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ትሰቀላለች። አንዴ ከተሰቀለች የልጅ ልጅ ሁሉ «አንጓች እንዲህ ነበረች» ማለቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ «አያ ብሩሽ፣ አያ ብሩሽ፣ ዓይኔን ቀና አድርግልኝ» አለችው።

«አይሆንም። ጨዋ ሴት የምትሣለው አንገቷን ደፍታ ነው።»

«አንገቱን ደፍቶ የሚቀዝፍ ከድንጋይ ጋር ይላተማል!»

በሁለተኛው ቀን፣ «አያ ብሩሽ፣ አያ ብሩሽ፣ እንስራውን አውርድልኝ፤ መቅዘፊያዬን መልስልኝ» አለችው።

«አይሆንም። መቅዘፊያ እጅ ያሻክራል። የሥዕል ሴት እጇ ለስላሳ ነው።»

«ሰባቱን ያወጣቸው እኮ የሻከረው እጅ ነው!»

በሦስተኛው ቀን፣ «አያ ብሩሽ፣ አያ ብሩሽ፣ ፊቴን ወደ ማዕበሉ አዙርልኝ» አለችው።

ብሩሽ ክው አለ። «እንዴ! በሠዓሊ ሕግ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል። ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ነው። ሰይጣን ናት ይሉሻል!»

«ማዕበሉ የመጣው በጎን! ታዲያ የት ልይ? ለመሆኑ አንተ ታንኳ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ብሩሽ ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጌታውም አያውቅም። አፈረ።

«ያለ ጌታዬ እጅ አንዲት መስመር አላሰምርም» አላት። «አንድ ነገር ግን እችላለሁ።» ይህን ብሎ ጠጉሩን በሙሉ አረገፈው።

በማግስቱ አለቃ መርሻን ራሰ በራ ብሩሽ ጠበቀው! ለብሩሽ የሚሆን የፍየል ጠጉር የሚገኘው ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ነው። እየፈራ እየተባ አንጓች ዘንድ ሄደ።

«እባክሽ አንጓች፣ አሻግሪኝ።»

«ይግቡ አለቃ። ብቻ እንዳይነሡ።»

መሐል ሲደርሱ ንፋሱ መጣ። አለቃ ጋቢውን ተከናንቦ በቀዳዳ አየ። አንጓች እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። አንገቷ ቀና ብሏል፣ የክንዷ ጅማት ተገትሯል፣ ዓይኗ ከማዕበሉ ላይ አይነቀልም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር አይቶ አያውቅም።

«ፈሩ እንዴ አለቃ?»

«ኧረ የለም!» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

ጠጉሩን ይዞ እንደተመለሰ ብሩሹን ጠግኖ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ።

በበዓሉ ቀን ሰው ግር ብሎ መጣ። በሥዕሉ ላይ አንጓች ከመሐል ሆና ትቀዝፋለች፤ ሰባቱ ሠርገኞች ከሥሯ ተኮራምተዋል። ሙሽራው ቅር አለው።

«ምነው አለቃ፣ ጦሬስ?»

«ያን ቀን በእጅህ የያዝከው ጦር ነበር?»

ሙሽራው ራሱን አከከ። «እውነቱን ለመናገር፣ የአንጓችን ቀሚስ ነበር የያዝኩት።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። «አለቃ፣ አንጓች ለምን ባንድ ዓይን ተሣለች? ክፉ ናት እንዴ?»

«የለም ልጄ» አለ አለቃ መርሻ። «ሥራ ላይ ናት። እኛን ለማየት ጊዜ የላትም።»

እናንተም ሴት ልትሥሉ ስትነሡ፣ አስቀድማችሁ ታንኳዋ ላይ ውጡ። እኔ ተረቴን አሻግሬያለሁ፤ ከዚህ ወዲያ እናንተ ቅዘፏት።