ማንም የማያነበው ደብተር

አንዲት ወጣት በባዕድ አገር፣ በአንድ ትንሽ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ስልክ እንዳይጮህ ትጸልይ ነበር።

ትስቃላችሁ? ጸሎት ነው እኮ! እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ ታውቀዋለች። በስልክ ሲመጣባት ግን፣ የዚያ አገር ሰው ሲናገር ስለሚፈጥን፣ ግማሹ ያመልጣታል።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ስሜን እንዳትጠራ ስላለችኝ ትርሲት እላታለሁ። የአሰላ ልጅ ናት። ጋዜጠኝነት ልትማር የትምህርት ዕድል አግኝታ አየርላንድ ሄደች። ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ በሚወጣ ጋዜጣ ላይ ሦስት ወር እንድትሠራ ተመደበች። እናንተ ልጆች ኢንተርንሺፕ የምትሉት ነው። በመጨረሻው ቀን የጋዜጣው አዘጋጅ ስለ እሷ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው ጥሩ ከሆነ ትመረቃለች። ካልሆነ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ትገባለች። አሰላ ደግሞ እናቷ ለዕድሩም ለማኅበሩም "ልጄ ጋዜጠኛ ሆነች" ብለው ጨርሰዋል። እናት አንዴ ካወራች በኋላ መመለሻ እንደሌለው እናንተም ታውቃላችሁ።

አዘጋጇ ኦርላ ትባላለች፤ ቆፍጣና ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ለትርሲት አንድ ማስታወሻ ደብተር ሰጠቻት። "ሰው የሚነግርሽን እዚያው ፊቱ ጻፊው። ደብተርሽን እንዳትጥዪው። አንድ ቀን ክርክር ቢነሳ የሚፈርደው እሱ ነው" አለቻት።

ትርሲትም ታዘዘች። በእንግሊዝኛ እየሰማች በአማርኛ ትጽፋለች። እጇ የሚፈጥነው በአማርኛ ነዋ!

በዚያች ከተማ ፊንባር የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። እኛ ሰፈር ቢሆኑ ጋሽ ፊንባር ነበር የምንላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ጋሽ ፊንባር አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን በጀልባ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሲያሻግሩ ኖረዋል። ሙሽራ አሻግረዋል። አስከሬን አሻግረዋል። ምጥ የያዛትን ሴት ከነአዋላጇ አሻግረዋል። በኋላ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ ጀልባ የሚሳፈር ጠፋ፤ ጀልባዋም ለሌላ ሰው ተሸጠች።

ትርሲት ልታነጋግራቸው ሄደች። "የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻ ጉዞዬን አደርጋለሁ" አሏት። "እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋን አስረክባለሁ። የከተማው ሰው ይምጣልኝ። አንድ ጊዜ አብረን ተሻግረን እንሰነባበት። አደራ፣ ጻፊልኝ።"

ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ያሉት በእነሱ አቆጣጠር ነው። በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ትርሲትም ልማድ ሆኖባት ደብተሯ ላይ "ጠዋት 3" ብላ ጻፈች። ትክክል ጻፈች! ስሕተቱ የመጣው ማክሰኞ፣ ጋዜጣው ሊታተም ሲል፣ ተቻኩላ ዜናውን በእንግሊዝኛ ስትተይብ ነው። ዓይኗ 3 አየ፣ ጣቷም 3 መታ። "ጠዋት" የምትለውንም ዘለለቻት። አራሚው ደግሞ ጽሑፉን አየና፣ በሌሊት ማን ጀልባ ይሳፈራል ብሎ፣ "ከቀትር በኋላ" የሚል ጨመረበት። ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። በእነሱ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት።

ከእናንተ መካከል ውጭ አገር ኖሮ በዚህ ሰዓት ነገር አንድም ቀን ያልተሳሳተ ካለ እጁን ያውጣ። አየኋችሁ፤ ማንም አላወጣም።

ጋሽ ፊንባር ጋዜጣውን ገዙ። ፎቶግራፋቸውን አይተው ሳቁ። ትንንሹን ፊደል ዓይናቸው አያነብላቸውም፤ ደግሞስ የገዛ ሰዓታቸውን ምን ብለው ያነባሉ? በሌላ ከተማ ለምትኖር ሴት ልጃቸው ደውለው "ሁሉም ነገር ጋዜጣው ላይ አለልሽ፣ እሱን አይተሽ ነይ" አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋን ወለወሉ። ወንበሮቹ ላይ ትራስ አደረጉ። ኮታቸውን ለበሱ። ቆሙ። ጠበቁ።

ማንም አልመጣም።

አንድ ሰው እንኳን! አርባ ስድስት ዓመት ካሻገሩት ሕዝብ፣ አንድ ሰው ሳይመጣላቸው ቀረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀው ብቻቸውን ተሻገሩ፤ ብቻቸውን ተመለሱ። እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋን አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

ከቀትር በኋላ የከተማው ሰው ልጁን ይዞ፣ አበባ ይዞ ወንዙ ዳር ሞላ። ጀልባ የለም፤ ጋሽ ፊንባርም የሉም። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። "ምስኪን፣ እርጅና ነው። ረስተውት ነው" ተባባሉ። ልጃቸውም እዚያ ነበረች። ይህን ሰምታ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ያ የተፈራው ስልክ ጮኸ፤ ኦርላ አነሣችው። የደወለችው የጋሽ ፊንባር ልጅ ናት። ልትከስ መስሏችኋል? ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የደወለችው! "አባቴ የተሳሳተ ሰዓት ነግሯችሁ ሰው ተንገላታ። ይቅርታ አድርጉልን። ሐሳቡ እየደከመ ነው መሰለኝ። ብቻውን ሊኖር አይችልም፤ የአረጋውያን መጦሪያ ላስገባው ነው" አለች።

ኦርላ ስልኩን ዘጋችና "እስቲ ደብተርሽን አምጪው" አለቻት።

ትርሲት ገጹን ገልጣ ዘረጋችው። ኦርላ አየችው። መስመሩ ሁሉ ለእሷ የማይነበብ ፊደል ነው። መካከሉ ላይ ግን አንድ የምታውቀው ነገር አለ፤ ቁጥር ሦስት። "ይኸውልሽ፣ ሦስት ነው የሚለው። አንቺ አልተሳሳትሽም፤ ሰውየው ናቸው የተሳሳቱት። በርቺ" ብላ ደብተሩን መለሰችላት።

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከ3 አጠገብ ያለችውን ቃል በዚያ ከተማ ውስጥ ማንበብ የሚችል ስንት ሰው አለ? አንድ ሰው ብቻ ነው። ትርሲት ራሷ። "ጠዋት" ይላል። ደብተሩ በሰው ዓይን ነጻ ያወጣታል፣ በራሷ ዓይን ይከሳታል። ዝም ካለች ደብዳቤዋ ያምራል፣ ትመረቃለች፣ እናቷም አያፍሩም። የሚጎዳ ሰው የለም። ከአንድ ሽማግሌ በቀር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አትመልሱልኝ። ለራሳችሁ መልሱ።

ትርሲት ዝም አለች። ማክሰኞ እናቷ ጋ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ጽሑፍ እዚያ ማን ያነበዋል?" አሉ እናቷ።

"ማንም አያነበውም፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ? አፍሽን ያዢና ጨርሰሽ ነይ!"

በእኚህ እናት አትፍረዱ። ለልጃቸው ፈርተው ነው። እኛስ ለልጆቻችን የምንላቸው ይህንኑ አይደለም?

ግን ምግብ አልበላ አላት። ዜና ስትጽፍ ያ 3 ይመጣባታል። ሐሙስ ዕለት አላስችል ብሏት ጋሽ ፊንባር ቤት ሄደች። ለመናዘዝ እንኳን ቆርጣ አልነበረም፤ ደኅና መሆናቸውን አይታ ልትመለስ ነበር።

በሩን ሲከፍቱላት ደነገጠች። በአምስት ቀን ውስጥ አርጅተዋል። ግድግዳው ላይ፣ ማቀዝቀዣው ላይ፣ በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። "ምድጃውን አጥፋ።" "በሩን ቆልፍ።" "ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"እንዳልረሳ ነው" አሏት አፍረው። ሻይ ቀድተውላት ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ሦስት ሰዓት ብዬሽ ነበር? እኔ ትዝ የሚለኝ ዘጠኝ ማለቴ ነው። እምላለሁ፣ ዘጠኝ ያልኩ ይመስለኛል። ግን ሰው ሁሉ አይደለም ይለኛል። ካሁን በኋላ የገዛ ራሴን ማመን ፈራሁ።"

ያን ጊዜ ነው ለትርሲት የገባት። የወሰደችባቸው ጉዞውን ብቻ መስሏት ነበር። ለካ የወሰደችው አእምሯቸውን ኖሯል።

ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ጋሽ ፊንባር፣ ይቺን ቃል ያዩዋታል? ጠዋት ማለት ናት። በአገሬ ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። የእናንተ ዘጠኝ ለእኛ ሦስት ነው። እርስዎ ዘጠኝ ብለውኛል። በትክክል ነግረውኛል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።"

ሽማግሌው ቃሏን በጣታቸው ነኳት። ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"እንግዲያው እኔ ደኅና ነኝ?"

"ደኅና ነዎት፣ ጋሽ ፊንባር።"

እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ያን ሁሉ ወረቀት ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ላጡት። ተመልሰው ተቀመጡና "እኔ ይቅር ብዬሻለሁ" አሏት። "ልጄ ግን ያነበበችው በጋዜጣ ነው።"

አያችሁ? ይቅርታው ቀላል ነበር። የቀረው ነገር ነው የከበደው። ብዙዎቻችን ይቅርታውን ተቀብለን እዚያው ላይ እናቆማለን። በአደባባይ ያጠፋነውን በጓዳ እናስታርቀዋለን።

ዓርብ ጠዋት ትርሲት ኦርላ ፊት ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ኦርላ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና "ሰዓት መሳሳትሽ አይደለም ያናደደኝ" አለች። "ከሰኞ እስከ ዓርብ ዝም ማለትሽ ነው። በይ ቁጭ በዪና እርማቱን ራስሽ ጻፊው።"

ጻፈችው። "የፊንባር የስንብት ጉዞ ሰዓት ተሳስቶ ወጥቷል። ፊንባር ትክክለኛውን ሰዓት ነግረውናል። የተሳሳተችው ጸሐፊዋ ናት።" ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ አኖረች። የልምምድ ተማሪ ስም በዚያ ጋዜጣ ላይ አይወጣም ነበር። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ጥፋቷ ሥር ነው።

ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። ልጃቸው አነበበችና የዚያኑ ዕለት መኪናዋን አስነሥታ አባቷ ዘንድ መጣች። ስለ አረጋውያን መጦሪያ ያወራ ሰው አልነበረም። አዲሱ የጀልባዋ ባለቤትም ሰምቶ "ለአንድ ጠዋት ላውሳቸው" አለ።

ቅዳሜ፣ በእነሱ ዘጠኝ፣ በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ወንዙ ዳር መቆሚያ ጠፋ። ለጀልባዋ አንድ ጉዞ አልበቃ አለ። አራት ጊዜ ተመላለሰች። ጋሽ ፊንባር ትርሲትን ከፊት አስቀመጧትና "የእኔን ሰዓት የምትጠብቅልኝ እሷ ናት" እያሉ ለሰው ሁሉ አሳዩዋት።

ደብዳቤውስ? ኦርላ ጻፈችው፤ አጭር ናት። "ተሳስታለች፤ ዘግይታም ቢሆን ራሷ ነግራናለች። ደብተሯን አንድ ፊደል ሳላነብ አምነዋለሁ።" ትርሲት በዚህች ደብዳቤ ተመረቀች። እናቷስ? ያንን እርማት በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ "የልጄ ስም በፈረንጅ ጋዜጣ" ይላሉ። ምን እንደሚል የሚጠይቃቸው ካለ ግን ይተርኩለታል፤ አያፍሩበትም።

ምእመናን፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ደብተር የሌለው ሰው በመካከላችን አለ? ማንም የማያነበው፣ በእኛና በእግዚአብሔር መካከል ብቻ የሚነበብ ደብተር? አንተ ወንድሜ፣ መሥሪያ ቤት ሰነዱን የጣልከው አንተ ሆነህ፣ ጸሐፊዋ አይደለችም ወይ የተወቀሰችው? እሷም ዛሬ ድረስ "የት አድርጌው ይሆን" ትላለች። አንቺ እህቴ፣ ለእናትሽ መልእክት ሳታደርሺ ቀርተሽ "ነግሬሻለሁ፣ አንቺ ነሽ የረሳሽው" አላልሻትም? እናትሽ እኮ አምናሻለች። አንተ አባት፣ ልጅህን ባልሠራው ጥፋት ቀጥተህ፣ በኋላ እውነቱን አውቀህ፣ አባት ይቅርታ አይጠይቅም ብለህ አልተውከውም?

ንስሐ ስንገባ ለእግዚአብሔር እንነግረዋለን። መልካም ነው። እሱ ግን ድሮም አንብቦታል! ያላነበበው ያ ሰው ነው። በእናንተ ዝምታ ምክንያት ራሱን የሚጠረጥረው ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ወረቀት እየለጠፈ የተቀመጠው ሰው ነው።

ይፈርድብኛል ብላችሁ ትፈራላችሁ። እኔም እፈራለሁ። ግን ትርሲትን ጋሽ ፊንባር ምን አሏት? ስድብ አይደለም። አንድ ጥያቄ ነው የጠየቋት።

ያችን ጥያቄ ዛሬ የሚጠይቅ ሰው አላችሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ምናልባትም እዚሁ አጠገባችሁ ተቀምጧል። ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ወደ እሱ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነም ደውሉለት። ብዙ ቃል አያስፈልጋችሁም። "ደኅና ነህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" በሉት።

አምላክ አፋችሁን ይክፈትላችሁ። አሜን በሉና ሂዱ፤ ሰው እየጠበቃችሁ ነው።