ሁለት እጅ የሚፈልግ ስልክ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ስልክ ሊገዛ ፈለገ።

ይህ ሰው የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። የደም ጠብታ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ በቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ "ወባ አለ፣ ወባ የለም" ይላል። ሳያረጋግጥ አይናገርም። አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ያያል፤ ከተጠራጠረ ሦስተኛ ይደግማል።

ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ዮዲት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ መስማት የተሳናት ናት፣ ሩቅ ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። እናቷ በሕይወት ሳለች እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይገናኙ ነበር። እናትና ልጅ በእጃቸው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲኮራረፉ አንድ ሰዓት ይሞላል። እሱ ከጎን ተቀምጦ "ምን አለች?" ይላል።

"ደህና ነኝ ትላለች" ትለዋለች ሚስቱ።

አንድ ሰዓት ሙሉ "ደህና ነኝ" ብቻ? ያ ሁሉን የሚያጣራ ሰው ይህን አላጣራም።

አሁን አስተርጓሚዋ የለችም። ዮዲት በጽሑፍ "ደህና ነኝ" ብላ ትልካለች፤ ሌላ አትጨምርም። በትንሿ ስልኩ በቪዲዮ ሲደውልላት ጣቶቿ ከስክሪኑ ጠርዝ ይወጣሉ፣ የቀረውም ይደበዝዛል። አሰበና "ችግሩ የስክሪኑ ትንሽነት ነው" አለ።

ስልክ ወደሚሸጠው ወደ ካሚል ሱቅ ሄደ።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ቴሌቪዥን በለው። ዓይንህን ጨፍነህ ውሰደው" አለው ካሚል።

"ዓይኔን ከጨፈንኩ ትልቅነቱ ምን ያደርግልኛል? ቆይ፣ ልመዝነው።"

ደብተሩን አወጣና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለው። በአንድ ወገን ጥሩውን ጻፈ፦ ፊትና እጅ አብሮ ያሳያል፤ ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል፤ ድምፁም ጉልህ ነው። ለዮዲት ድምፅ ምን ይሠራል? ብሎ ይህን ሰረዘው፤ ለእኔስ? ብሎ መልሶ ጻፈው። በሌላው ወገን ጉድለቱን ጻፈ፦ ኪስ አይገባም፤ ቢወድቅ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ያለ ሁለት እጅ አይያዝም። ቆጠረ። ሦስት ለሦስት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሲቆጥር አራት ለሦስት ሆነ። በማግስቱ ሦስት ለአራት። ስልኩ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን አልረጋ አለው።

"ጋሼ፣ ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ እንዲህ አይመራመርም" አለ ካሚል።

"እኔም አልተመራመርኩም። እሷ ብቻ ናት ሳልመራመር የቀናችኝ።"

ካሚል ስልኩን ጠቀለለለት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ደወለ። ዮዲት ሙሉ ሆና ታየች፤ ፊቷ፣ ትከሻዋ፣ አሥሩም ጣቶቿ። ደስ አለው። ከዚያ እጆቿ መናገር ጀመሩ።

ወገኖቼ፣ ሁሉንም አየ፤ አንዱንም አላወቀም። ወደ ደረቷ የጠቆመችው ምን ማለት ነው? ጭንቅላቷን ዘንበል ያደረገችው ጥያቄ ነው ወይስ ቁጣ? ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ያንኑ ነገር ደገመችለት። ምን ያድርግ? እንዳትከፋ ብሎ ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። እሺ፣ እሺ።

እጆቿ ቆሙ። ፊቷን አዙራ ስልኩን ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ ጽሑፍ መጣ፦ "እሺ አባዬ። ለፋሲካ እዚሁ እቀራለሁ።"

በምን ተስማማሁ? ምን ብላኝ ነው? ከአንገቱ መነቅነቅ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ሰኞ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ዘነበች ወደ ላቦራቶሪው ገብታ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደገነች። "ይሄ ነው ወባ? እኔ ነጠብጣብ ብቻ ነው የማየው።"

"እኔም የማየው እሱኑ ነው። ሌንሱ ያጎላል እንጂ አያስተምርም፤ ማወቁን እኮ እኔ..." አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

"ምነው፣ አመመህ?"

"አይ። ያየሁት ነገር ሳይገባኝ ውጤት ሰጥቼ ነበር።"

ቤቱ ገብቶ ደብተሩን ገለጠ። "ያለ ሁለት እጅ አይያዝም" የሚለውን ደጋግሞ አነበበው። የምልክት ቋንቋ ቢያውቅ ኖሮስ በየትኛው እጁ ሊመልስላት ነበር? ሁለቱም ስልክ ይዘው ነበር።

ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፎ አቆመና ደወለ። እጆቹ ባዶ ሆኑ። ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፎ ለዮዲት አሳያት፦ "ሳይገባኝ ነው የነቀነቅሁት። ምን ብለሽኝ ነበር?"

ዮዲት ወረቀቱን አነበበችው። ከዚያ ጽፋ ላከች፦ "ቤት ብመጣ ከማን ጋር አወራለሁ? እዚሁ ብቀር አይሻልም? ነው ያልኩህ።"

እሱ ለዚህ ነበር እሺ ያለው።

ሌላ ወረቀት ጻፈ፦ "'ነይ' በእጅ እንዴት ይባላል?"

ቀስ ብላ አሳየችው። ሞከረ፤ ተሳሳተ። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ተሳሳተ፣ እሷም ሳታስበው ሳቀች። በሦስተኛው ነይ አላት። በዚህ ጊዜ ራሷን የነቀነቀችው ዮዲት ናት። እሷ ግን ለምን እንደነቀነቀች ታውቅ ነበር።

እናንተስ? ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ገዝታችኋል፤ እኔም ገዝቻለሁ። ድምፅ ማጉያችንንም ከአምናው ትልቅ አድርገናል። እግዚአብሔር ሲናገራችሁ ግን ገብቷችሁ ነው ወይስ እንዳይከፋ ብላችሁ የምትነቀንቁት? ቤታችሁ ያለችው ልጅ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሚስት፣ እሺ ብላችሁ የሸኛችሁት ወንድም፣ ምን ብለዋችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ?

ጌታ "አልገባኝም" የሚለውን ሰው አባርሮ አያውቅም። ከባዱ ነገር እጃችን መያዙ ነው። እስቲ የያዛችሁትን አስቀምጡት። በባዶ እጅ ቅረቡና "ምን ብለኸኝ ነበር?" በሉት።

አሁን አሜን ልትሉኝ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ቆዩ። ዛሬ ቤታችሁ ግቡ፣ ጠይቁ፣ ስሙ። አሜኑን ከዚያ በኋላ በሉት።