የይመር መፍቻና የወፍጮው ቺንጋ

ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ ይመር የሚባል ሰው አንዲት መፍቻ ፈልጎ ነበር።

ይመር የሐይቅ ከተማ ሰው ነው። ሚስቱ ዘምዘም ደሴ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና የመጀመሪያ ልጃቸውን ተገላግላ፣ «ዛሬ ከሰዓት ትወጣለች» ተብሏል። ቁስሏ የባጃጅ መንገጫገጭ አይችልም። ይመር አሮጌ መኪና አለችው፤ ግን የሞተሯ ክዳን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበልቶ ዘይት ትተፋለች፣ ዘይቱም የጋለው ቱቦ ላይ እየወረደ ይጨሳል። ጋራዡ ደግሞ ዝግ ነው።

«ራሴ እቀይረዋለሁ» አለ ይመር።

አዲሱን ጋስኬት ገዛ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ ካቻቢቴውን፣ መፋቂያውን፣ ቤንዚን የነካ ጨርቁን ካርቶን ላይ ደረደረ። ብሎኖቹ ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል፣ ያለ ረጅም መፍቻ አይያዙም። እሱ ደግሞ ረጅም መፍቻ የለውም።

ጎረቤቱ ጋሽ አበጋዝ ዘንድ ሮጠ። «ጋሼ፣ ረጅሙን መፍቻ ያውሱኝ።»

«ውይ ልጄ! ወፍጮ ቤት ለሙሄ አውሼዋለሁ።»

መፍቻ ከሌለ ብሎኑ አይፈታም፤ ብሎኑ ካልተፈታ ጋስኬቱ አይገባም፤ ጋስኬቱ ካልገባ ዘምዘም አትመጣም!

ወፍጮ ቤት ሲደርስ ወፍጮው ቆሟል፤ ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሙሄ ራሱን ነቀነቀ። «ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ጫማ ሰፊው ጋ ነው። ሲመጣ ሞተሩን መልሼ የማጠብቀው በዚህ መፍቻ ነው። እንዴት ልስጥህ?»

ቺንጋው ካልተሰፋ ሙሄ መፍቻውን አይለቅም፤ መፍቻ ከሌለ ብሎኑ አይፈታም፤ ብሎኑ ካልተፈታ ጋስኬቱ አይገባም፤ ጋስኬቱ ካልገባ ዘምዘም አትመጣም!

ጫማ ሰፊውን ፈለቀን እጁን አጣምሮ አገኘው። «ቺንጋው ይኸው፣ ክሩም ይኸው። ወስፌዬን ጎረቤትህ እትዬ በለጡ ወስደውብኛል። በጣቴ ልብሳው?»

ወስፌው ካልመጣ ቺንጋው አይሰፋም፤ ቺንጋው ካልተሰፋ ሙሄ መፍቻውን አይለቅም፤ መፍቻ ከሌለ ብሎኑ አይፈታም፤ ብሎኑ ካልተፈታ ጋስኬቱ አይገባም፤ ጋስኬቱ ካልገባ ዘምዘም አትመጣም!

እትዬ በለጡ ደጃፋቸው ላይ ቆዳ ታቅፈው ይታገላሉ። «ወስፌውንማ ይህን ሳልጨርስ አልሰጥም» አሉ። «ቆዳው እየሸሸ አስቸገረኝ፤ ይዞ የሚወጥርልኝ ሰው አጣሁ።»

ይመር እንባው ደረሰ። ወስፌውን፣ ቺንጋውን፣ መፍቻውን፣ ብሎኑን፣ ጋስኬቱን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈላቸው።

«ታዲያ ቆመህ ታወራለህ? ያዝልኝ እንጂ!»

ተንበርክኮ ቆዳውን ወጠረ። እሳቸው ወስፌውን አስገቡ፣ ጠፍሩን ሳቡ፣ ደግመው አስገቡ።

«ለመሆኑ ምንድን ነው እትዬ?»

«አንቀልባ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጅህ ነዋ! ዛሬ ይገባል አልተባለም እንዴ?»

ይመር ዓይኑን እንዳይጠርግ ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል።

ይመር ቆዳውን ወጠረ፣ እትዬ በለጡ ጨረሱ፤ እትዬ በለጡ ወስፌውን ሰጡ፣ ፈለቀ ቺንጋውን ሰፋ፤ ቺንጋው ገባ፣ ሙሄ ሞተሩን አጠበቀ፤ ወፍጮው ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሙሄ መፍቻውን ለቀቀ፣ ብሎኑ ተፈታ፤ አሮጌው ተፍቆ ወጣ፣ አዲሱ ጋስኬት ገባ! ይመር ክዳኑን ገጥሞ፣ የባትሪውን ገመድ መልሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ከሥር ካርቶን አነጠፈ። አንድ ጠብታ የለም። «አልሐምዱሊላህ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዘምዘም ሕፃኑን ታቅፋ፣ መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ይወርዳሉ።

«ጭሱ ጠፋ እኮ!» አለች ዘምዘም። «ማን ሠራት?»

«ጋሽ አበጋዝ፣ ሙሄ፣ ፈለቀና እትዬ በለጡ።»

«እትዬ በለጡ? አንተስ?»

«እኔማ ቆዳ ያዝኩ።»

እኔም መፍቻውን ለጋሽ አበጋዝ፣ ወሬውን ለእናንተ አደረስኩ።