ሻሽቱና የጎረቤቷ ጎታ

ተረት ተረት!

፦ ጆሯችን ክፍት!

ጆሯችሁ ከተከፈተ እኔም አፌን እከፍታለሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ እህትሽ ትቀመጥበት። አዎ፣ እንዲያ።

በድሮ ዘመን ነው። ከአንድ ተራራ ሥር ባለች መንደር ሻሽቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ጓንጉል ይባላል። ሁለት በሬዎችና አንዲት ለትዳር የደረሰች ልጅ ነበሯቸው። ልጅቱ ደብሪቱ ትባላለች።

ሻሽቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የታመመ ታስታምማለች። እሳት ለጠፋበት ቤት ፍም ይዛ ትሮጣለች። ዓይኗ ግን ዕረፍት አልነበረውም። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ ከእግሯ ይቀድማል። ምን እንደተጣደ፣ ስንት ቁና እንደተፈጨ፣ ማን አዲስ ቀሚስ እንዳሰፋ፣ ሁሉን ለቅማ ትወጣለች። ከዚያም ቤቷ ስትመለስ የራሷ ሁሉ ያንስባታል። ድስቷ ያንሳል፣ ቀሚሷ ያንሳል፣ ባሏም ያንሳል።

ጓንጉልም፦ «አንቺ ሴት፣ የእኛን ቤት የምታዪው መቼ ነው?» ይላት ነበር።

እሷም፦ «የእኛ ቤት ምን የሚታይ አለው?» ትለዋለች።

ከአጥራቸው ማዶ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ንዳድ በሚባል የትኩሳት በሽታ ሞቶባት ሦስት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። እርሻዋን ሰው ያርስላትና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ታዲያ አስካለ ስታማርር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጆቿ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ። መንደሩም፦ «ይህች ሴት ምን ይዛ ነው እንዲህ የተረጋጋችው?» እያለ ይገረም ነበር። ይገረም እንጂ አይጠይቃትም። በዚያ አገር የሰው ጓዳ አይጠየቅም። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ሰው ከአጥሩ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ቤቶች!» ይላል። «ይግቡ!» እስኪባልም ይጠብቃል።

አንድ ቀን ሻሽቱ ወንፊት ልትዋስ ወደ አስካለ ቤት ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ሰው የለም። «ቤቶች» ሳትል ገባች። ወንፊቱ ከግድግዳው ተሰቅሏል። ወንፊቱን አወረደችና ዞር ስትል ሦስት ጎታዎች ተደርድረው አየች። ጎታ ታውቃላችሁ አይደል? ከጭቃ ተሠርቶ ጓዳ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው።

ዓይኗ አላስችል አላት። የመጀመሪያውን ክዳን ገለጥ አደረገች። ማሽላ እስከ አፉ ሙሉ! ሁለተኛውን ገለጥ አደረገች። እሱም እስከ አፉ ሙሉ! ወደ ሦስተኛው እጇን ስትዘረጋ የልጆቹ ሳቅ ከደጅ ተሰማ። ወንፊቱን ከመሬት ጣለችና በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ወጣች።

ልቧ ተቃጠለ።

፦ «በአንድ መንደር፣ በአንድ ዝናብ! ባል የሌላት ሴት ሦስት ጎታ ሙሉ፣ እኔ ባለ ሁለት በሬዋ ያለኝ አንድ ጎታ፣ እሱም ከወገቡ በታች!»

ሦስተኛውን አላየችውም እኮ። ቅናት ግን ያላየውንም ይቆጥራል።

በነጋታው ምንጭ ወርዳ ለአንዲት ወዳጇ ነገረቻት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት። ወዳጇም ለእህቷ ነገረች፣ ለማንም እንዳትነግር ብላ። ሳምንት ሳይሞላ የአስካለ ጎታ ከሦስት አምስት ሆነ። ወሬ እንዲህ ነው፣ ሳይዘሩት ያፈራል።

ያን ሰሞን ደብሪቱ ለአያ ይማም ልጅ ታጭታ ነበር። አያ ይማም ከወንዝ ማዶ ያሉ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሻሽቱም ሰርጉ ሰባት ቀን እንደሚደገስ በምንጩ ሁሉ ስታወራ ከርማ፣ አንድ ማታ ባሏን እንዲህ አለችው፦

«ሰርጉ ሰባት ቀን ይደገሳል። ቦራን ሽጠው።»

ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነው በሬያቸው ነው።

፦ «ቦራን ሸጬ በምን ልረስ? በአንድ በሬ ያረሰ ሰው አይተሻል?»

፦ «ባል የሞተባት አስካለ በሙሉ ጎታ ላይ ተኝታ፣ እኛ ልጃችንን እንደ ድሀ አደግ ልንድር ነው?»

፦ «ጎታዋ ሙሉ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

ሻሽቱም ቀስ ብላ፦ «በሩ ክፍት ነበር» አለች።

ጓንጉል አተኩሮ አያት። ተነሥቶ ለበሬዎቹ ገለባ ሊሰጥ ወጣ። ሻሽቱም ባሏ ከሚሰድባት ይልቅ ዝም ብሎ መውጣቱ ከበዳት። ግን ሐሳቧን አልተወችም። በሬው ካልተሸጠ ከአስካለ እህል እበደራለሁ ብላ ቆረጠች።

በነጋታው ሄደች። ያን ቀን ፈላጊ ናትና ከአጥሩ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቤቶች!» አለች።

አስካለ ወጥታ፦ «ይግቡ! ነይ እታለም፣ ግቢ» አለቻት። ልጆቿንም ጭራሮ ልቀሙ ብላ ላከቻቸው። በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠቻት።

ሻሽቱም፦ «እታለም አስካለ፣ ደብሪቱን ልድር ነው። ሃያ ቁና ማሽላ አበድሪኝ። ለአዝመራ እመልሳለሁ» አለች።

አስካለ አልደነገጠችም። እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። የመጀመሪያውን ጎታ ከፈተችና፦ «እጅሽን አስገቢ» አለቻት።

ሻሽቱ እጇን ማሽላው ውስጥ ሰደደች። ጣቷ ገባ። ከዚያ በላይ ግን እንቢ አለ። ከማሽላው ሥር አሮጌ ሰፌድ ተነጥፏል። አስካለ ሰፌዱን በአንድ በኩል ቀና አደረገችው። ከሥሩ እስከ ታች ድረስ ገለባ ነው።

፦ «ሁለተኛውም እንደዚሁ ነው» አለች አስካለ። «የምንበላው ከሦስተኛው ነው። በእሱም ውስጥ የቀረው እህል አንድ ክንድ ያህል ነው።»

፦ «ለምን? ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

፦ «ባሌ በሞተ ዓመት ትንሿ ልጄ ሲመሽ ጎታውን እየከፈተች ታይ ነበር። ታይና እንቅልፍ እንቢ ይላታል። የሰባት ዓመት ልጅ እህል እያሰበች ስታድር ማየት አልቻልኩም። እኔ እስከ አዝመራ ያለውን ቀን ቆጥሬዋለሁ። በየማለዳው አንድ ቅል እሰፍራለሁ፣ አላስበልጥም፣ አላሳንስም። አንድ ቅል ይበቃናል። ማሰቡ የእኔ ነው፣ መተኛቱ የእነሱ ነው ብዬ ነው። አንቺ ዛሬ ስትጠይቂኝ ስስታም እንዳልባል ብዬ አሳየሁሽ።»

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ጭቃ ሹሙ ትላንት መጥተው ነበር። አምስት ጎታ ሙሉ እህል ደብቀሻል አሉኝ። ነገ ሰው ሰብስበው፣ ጎታዬን ዘርግፈው፣ ሰፍረው ግብር ሊጨምሩብኝ ነው። ግብሩስ ይሁን። ልጆቼ ፊት ገለባው ሊወጣ ነው» አለች።

ጭቃ ሹም የሚባለው በዚያ ዘመን የመንደሩ አለቃ ነው። ስማቸው አሊጋዝ ይባላል።

ሻሽቱ ከጎታው ሥር ቁጭ አለች።

፦ «ይህን ወሬ ማን እንዳወጣው ታውቂያለሽ?»

፦ «አውቃለሁ። ወንፊቴን ወድቆ አገኘሁት። በጓሮ በኩልም ዱካሽ ነበር።»

፦ «ታዲያ ለምን አልተጣላሽኝም?»

፦ «እታለም፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ጠብም ቀለብ ይፈልጋል። ከየት አመጣለታለሁ?»

ሻሽቱ አለቀሰች። አስካለ ግን አላባበለቻትም፣ አልሰደበቻትምም። በሩ ድረስ ሸኘቻት፣ ያ ብቻ።

በነጋታው መንደሩ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹም አሊጋዝ ሁለት ሰዎች አስከትለው፣ ቁና አስይዘው መጡ። እግር ጥሎት አያ ይማምም የሰርጉን ቀን ሊቆርጡ ከወንዝ ማዶ መጥተው ነበርና ከሰዉ ጋር ቆሙ። የአስካለ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይዘዋል።

ሻሽቱ ከአስካለ በር ላይ ቆማለች።

፦ «ዞር በይ» አሏት ጭቃ ሹሙ።

፦ «ጌታዬ፣ ይህን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሻሽቱ ዞረ፣ እሷም ቀጠለች።

፦ «በበሩ ሳልጣራ ገባሁ። ማንም ሳይፈቅድልኝ ክዳን ገለጥኩ። ያላየሁትን ጨምሬ አወራሁ። ሌባ እህል ይሰርቃል፣ እኔ ጓዳ ሰረቅሁ።»

፦ «ታዲያ ጎታው ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? ተናገሪ!»

ሻሽቱ ወደ ትንሿ ልጅ አየች። ከዚያም፦ «እሱን አልናገርም። ሰርቄ ያየሁት ነው፣ ሰርቄ ያየሁትን ደግሜ አልሸጥም። የሰው ጎታ መስፈር ካማራችሁ የእኔ በር ያውና። የእኔን ስፈሩ» አለች።

ጭቃ ሹሙ ተቆጡ፦ «በእኔ ትቀልጃለሽ? እንግዲያስ የአንቺን እናያለን!»

ሻሽቱ ባሏን ፈለገች። ጓንጉል ከሰዉ መሀል ወጣ። ሊያፍርባት ይሆን፣ ሊቆምላት ይሆን፣ አላወቀችም። እሱ ግን የጭቃ ሹሙን አሽከር፦ «ቁናውን ወዲህ በለው» አለና ወደ ቤቱ ፊት ፊት መራ።

ያላቸውን አንድ ጎታ ከደጅ አውጥተው ዘረገፉት። ቆርበት ላይ ሰፈሩት። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ... ሠላሳ ሁለት ቁና። አለቀ። ሰባት ቀን ይደገሳል የተባለለት ቤት ያለው ሠላሳ ሁለት ቁና ብቻ ነው! ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ደብሪቱ ግን ቀስ ብላ መጣች፣ ተንበርክካም የፈሰሰውን ፍሬ ትለቅም ጀመር። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። በልጅቱ ፊት ላይ ኀፍረት አልነበረም።

ጭቃ ሹሙ ቁናውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸውን ደባበሱ። ከዚያም፦ «እኔም በወሬ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ ግብር የምጨምረው ማሳ አይቼ እንጂ ወሬ ሰምቼ አይደለም» አሉ። ወደ አስካለም ዞረው፦ «እንደ አምናው ነው፣ እመቤት። ደጅሽን ስለረበሽን ይቅርታ» ብለው ሄዱ። የአስካለን ጎታ ማንም አልነካውም።

የቀሩት አያ ይማም ናቸው። ሻሽቱ ጋብቻው ቀረ፣ ልጄን አዋረድኳት ብላ ቀና ማለት አቃታት።

አያ ይማምም ጓንጉልን፦ «ከዚህ ላይ ለሰርጉ ስንት አስባችኋል?» አሉት።

ጓንጉልም፦ «እውነቱን ከፈለጉ፣ ስድስት ቁና። ከዚያ በላይ ካወጣሁ በክረምት እንራባለን» አለ።

አያ ይማም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

፦ «እሰይ! ተመስገን! ሰባት ቀን ይደገሳል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ። እናንተ ሰባት ቀን ደግሳችሁ፣ እኔ ከሰርጉ በኋላ በቤቴ በማደርገው ቅልቅል አንድ ቀን ብደግስ ማን ያከብረኛል? ላሚቱን ልሸጥ ገዢ አናግሬ ነበር። ስድስት ቁና ይበቃል! እኔም ስድስት!»

ያኔ ጓንጉል ሳቀ። ደብሪቱም ሳቀች። ሻሽቱም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ደብሪቱ በአንድ ቀን ድግስ ተዳረች። የመጣው ሰው በልቶ ጠግቦ፣ ጨፍሮ ገባ። ጎደለ ያለ አልነበረም። ሰኔም ሲገባ ጓንጉል ቦራንና ጓደኛውን ጠምዶ እርሻውን በጊዜ አረሰ። ሻሽቱም ከባሏ ጋር ቁጭ ብላ እስከ አዝመራ ያለውን ቀን ቆጠረች፣ ቅልም መረጠች። የቀረችውን እህል ካወቀቻት ወዲህ፣ ሳታውቃት የፈራችውን ያህል አልፈራቻትም። እንቅልፏም መለስ አለ።

ነሐሴ ላይ ግን ባሏን የገደለው ንዳድ አስካለንም ጣላት። ዘጠኝ ቀን ከመደቡ አልተነሣችም። መንደሩ በዘመድ የተሞላ ነው። አስካለ ግን ታላቋን ልጇን፦ «ሂጂና ሻሽቱን ጥሪልኝ» አለቻት።

ሻሽቱም ዘጠኙን ማለዳ መጣች። ከአጥሩ ቆማ ተጣራች፣ ግቢ ስትባል ገባች። ለልጆቹ ሰፈረች፣ ፈጨች፣ አበላች፣ ክዳኑን ገጠመች። አስካለም ዳነች። ሦስቱም ልጆች አንድ ሌሊት እንኳ ሳይርባቸው መስከረም ጠባ።

ምን አልሽ አንቺ? ጎታው ውስጥ ስንት ቀርቶ ነበር? እኔ ምን አውቄ! በምንጩም፣ በገበያውም ጠይቀዋት ነበር፣ ባሏም ጠይቋት ነበር። ሻሽቱ እስከ ዕለተ ሞቷ ለማንም አልተናገረችም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። እስቲ ያን ዳቦ ወዲህ በሉት፣ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ። ማን ትልቁን፣ ማን ትንሹን እንደቆረሰልኝ ለማንም አልናገርም።