ሰባት ተቆጣጣሪ በአንዲት ክፍል

አንድ ቀን፣ ያውም በክትባት ቀን፣ ጉሎ ምንጭ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሁለት ነጫጭ ላንድክሩዘሮች መጥተው ቆሙ። ከውስጣቸው ሰባት ሰዎች ወረዱ። ሁሉም ባጅ አንጠልጥለዋል፣ ሁሉም ማኅደር ታቅፈዋል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። የሕፃናትን የጆሮ ምርመራ የሚቆጣጠር የባለሙያዎች ኮሚቴ ነው ተባለ። ስድስቱ ምርመራውን ይቆጣጠራሉ፤ ሰባተኛው ደግሞ ስድስቱ በትክክል መቆጣጠራቸውን ይቆጣጠራል። ምን ይደረግ፣ ሥራ ነዋ!

የጤና ጣቢያው ነርስ ስንሻው ይባላል። አነጋገሩ ለስላሳ፣ ምላሱ ግን ምላጭ የሆነ ሰው ነው። ከስድስት ወር በፊት መዳፍ የምታክል የጆሮ መመርመሪያ መሣሪያ ተሰጥታው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ጫፏን ሕፃኑ ጆሮ ውስጥ ሸጎጥ ሲያደርጋት ትንሽ ድምፅ ትልክና ጆሮው የሚመልሰውን ታዳምጣለች። ጆሮው ደህና ከሆነ አረንጓዴ ታበራለች፤ ካልሆነ ቀይ። አንድ አመል ግን አለባት፤ ጫጫታ አትወድም። ሰው ካወራ፣ በር ከተንኳኳ፣ ሕፃኑ ራሱ ካለቀሰ፣ ቀይዋን ታበራና አርፋ ትቀመጣለች።

ስንሻው ይህን አመሏን ካወቀ ወዲህ የክፍሉን ግድግዳ ሁሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እናቶቹን ጫማ አስወልቆ ነው የሚያስገባቸው። ሕፃናቱንም የአርባ አምስት ቀን መርፌያቸውን ከመወጋታቸው በፊት ይመረምራቸዋል፤ ከተወጉ በኋላማ ማን ዝም ሊል! በሩ ላይ ደግሞ በእጁ ጽፎ የለጠፋት ወረቀት አለች። «ያልጠባ፣ ጠብቶም ያልተኛ፣ አይገባም» ትላለች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ኃይለልዑል ወረቀቷን አነበቧትና ፈገግ አሉ።

«ይሄ እኛን አይመለከትም» ብለው የቀሩትን ስድስት አስከትለው ገቡ። ጫማውን ያወለቀ አንድም የለም።

የዚያን ቀን ተራ የያዙት ሕፃናት ዘጠኝ ነበሩ። የመጀመሪያው ጠግቦ፣ ለጥ ብሎ ተኝቶ ገባ። ስንሻው መሣሪያዋን ጆሮው ውስጥ ሲያደርግ አንዱ ባለሙያ «ስንት ሰዓት ተጀመረ ልበል?» አለ። ሌላው «ሦስት ከሃያ በል» አለው። «ኧረ ሃያ አምስት ሆኗል!» አለ ሦስተኛው። የአራተኛው ስልክ ጮኸ። ሰባተኛው «እባካችሁ በተራ ተናገሩ!» ብሎ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ቀይ። ሁለተኛው ሕፃን ገባ፤ ቀይ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኙም ቀይ ሆኑ።

ዶክተር ኃይለልዑል መዝገቡን ገለጡት።

«ስማ እንጂ» አሉት፣ «እስከ ዛሬ ስልሳ ሦስት ሕፃናት መርምረህ ስልሳ ሁለቱ ደህና ናቸው ብለሃል። ዛሬ በባለሙያ ፊት ዘጠኝ መረመርክ፣ ዘጠኙም ወደቁ! ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ዶክተር፣ ክፍሉ ውስጥ እኮ…»

«አልጨረስኩም! መዝገብህ የውሸት ነው ማለት ነው። መሣሪያዋ ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ትሄዳለች።»

ዘጠነኛዋን ሕፃን የታቀፈችው አንጓች ይህን ስትሰማ ክው አለች። ከስልሳ ሦስቱ ያላለፈችው፣ ዛሬም ለድጋሚ ምርመራ የመጣችው የእሷ ልጅ ነበረች። ስንሻው ሁለቴ መርምሯት ሁለቴም ቀይ ስለበራ፣ ወደ ከተማው ሆስፒታል የምትሄድበትን ሪፈር ጽፎላት የኮሚቴው ማኅተም ብቻ ቀርቷል። ያለ ማኅተም ሆስፒታሉ አይቀበላትም።

«ዶክተርዬ፣ የልጄስ ነገር?» አለች ወደ ስንሻው ዞራ። በዚያ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ዶክተሩ እኔ ነኝ» አሉ ሰብሳቢው።

«እርስዎን እንኳ አላወቅሁዎትም ጌታዬ። እኔ ልጄን ያየልኝን ነው የምጠይቅ።»

ዶክተሩ ደማቸው ፈላ። «ዘጠኙም ቀይ ከሆኑ ያንቺ ልጅ ከሌሎቹ በምን ትለያለች? ሪፈሩ ተሰርዟል!»

ስንሻው እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንጀራዬን እንዳላጣ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የአንጓች ዓይን እንባ ሲያቀር ግን ቀና አለ። ልጅቱን ያውቃታል። በር ሲላተም የማትደነግጥ፣ እናቷን ስታይ ብቻ የምትፈነድቅ ልጅ ናት። ዛሬ ካልሄደች መቼ ልትሄድ ነው? መሣሪያዋን በመዳፉ ይዞ ወደ ዶክተሩ ጠጋ አለ።

«እሺ ዶክተር፣ መሣሪያዋን ይውሰዷት። ግን ከመውሰድዎ በፊት ደህና መሆኗን በባለሙያ ጆሮ ብናረጋግጥስ?»

«በባለሙያ» የምትለዋን ሲሰሙ ዶክተሩ ደስ አላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ጆሯቸውን ሰጡ። የቀሩት ስድስቱ ወዲያው ከበቧቸው። «ቀኙ ይቅደም!» አለ አንዱ። «የለም፣ በመመሪያው ግራው ነው!» አለ ሌላው። «መመሪያው እኮ ተሻሽሏል!» አለች የኮሚቴው ጸሐፊ። ያ ስልክ ደግሞ ጮኸ። ቀይ። ስንሻው ወደ ሌላው ጆሮ ዞረ። እሱም ቀይ!

ያኔ ነው ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ያለው።

«እንግዲህ ዶክተር» አለ ስንሻው እጅ ነስቶ፣ «የዛሬው ውጤት እውነት ከሆነ አሥረኛው ሪፈር የእርስዎ ነው፤ አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ። የለም፣ እኔስ እሰማለሁ ካሉ ደግሞ ሰባታችሁም ውጡልኝ፤ ሕፃናቱም ይሰሙ ይሆናል።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በማኅደሯ ሸፈነች። ሰባቱም ተራ በተራ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተኮለኮሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። አንዱ ሊያስል ሲል እንኳ ዶክተሩ ራሳቸው በዓይናቸው ገሠጹት።

እናቶቹ እንደገና አጥብተው፣ እንደገና አስተኝተው ገቡ። የመጀመሪያው አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛውም። ስምንቱም አረንጓዴ ሆኑ። በመጨረሻ የአንጓች ልጅ ተራ ደረሰ። ቀኟ ቀይ፣ ግራዋም ቀይ። ስንሻው እንደዚያች ሰዓት ስሕተተኛ መሆን ተመኝቶ አያውቅም፤ ደግሞ አያት። ቀይ።

ውጤቱን ይዞ ሲወጣ ዶክተሩ ፊቱን አይተው ገባቸው። ሪፈሩን ተቀብለው መኪናው ላይ አስደግፈው ፈረሙ፣ ማኅተሙንም ጠበቅ አድርገው መቱ። ከዚያ ወደ አንጓች ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ ሆስፒታሉ መንገዳችን ላይ ነው፤ አብረሽን ትሄጃለሽ። በጊዜ ተደርሶላታል፣ ብዙ የሚደረግላት ነገር አለ» አሏት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አንጓች። «ልጄን የሚያይልኝ ሰው ይኑር እንጂ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ሁሉም መኪና ገባ። ሞተር ተነሣ። ዶክተር ኃይለልዑል ግን «ብዕሬን ረሳሁ» ብለው ተመለሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁና በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወደ ስንሻው ቀረቡ።

«ስማኝማ» አሉት በሹክሹክታ፣ «ያ ቀይ መብራት ከልቤ አልወጣም። አሁን ጸጥ ብሏል፤ እኔንስ አንዴ ደግመህ ብታየኝ?»

ስንሻው ልክ እንደሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደስታ ነው ዶክተር፤ ግን ደንቡን እርስዎም አንብበውታል» አለና፣ በጣቱ በሩ ላይ የለጠፋትን ወረቀት አሳያቸው፦ «ያልጠባ፣ ጠብቶም ያልተኛ፣ አይገባም።»