የአያ ጃርት ጉድጓድና የአገሩ ዘር

እስቲ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም።

በድሮ ዘመን፣ ስሙን ሁሉም በረሳው አገር፣ እንስሳት እንደ እኛ ጎጆ ቀልሰው፣ አርሰውና ነግደው ይኖሩ ነበር። ንጉሣቸው አንበሳ ነው። አያ በሬ ያርሳል፣ አያ አህያ ከቆላ ጨው ጭኖ ይመጣል፣ እመት ዶሮ ሰፌድ ትሰፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ያላቸውን ይለዋወጣሉ፣ ወሬም ይሰማማሉ።

አንድ ዓመት የሳል በሽታ ገባ። ዛሬ ሳል የተሰማበት ቤት ነገ ለቅሶ ይሰማበታል። ንጉሡም "ሁሉም በየቤቱ ይክተት፣ ገበያም አይቁም" ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁ ልክ ነበር፤ ብዙ ነፍስ አተረፈ። ግን ከባድ ነበር። የአያ በሬ እናት በሯን ዘግታ ብቻዋን ስትስል፣ ልጇ ከአጥር ውጭ ቆሞ "እማዬ፣ አይዞሽ" ከማለት በቀር ምንም ሊያደርግላት አልቻለም። አንድ ቀን ጠዋት ሳሏ ጸጥ አለ። የዳነች መስሎት ደስ ሊለው ነበር። ኋላ ነው የገባው።

በሽታው ሄደ። በሽታው ሄደ እንጂ ገበያው አልተመለሰም። የገበያውን ሜዳ አረም ዋጠው። እመት ዶሮ የምትሸጥለት አጥታ ሰፌዶቿን ደራርባ አስቀመጠች፤ አያ አህያ ጭነት ከረሳ ስለቆየ የጀርባው ጠጉር አድጎ ሣር መሰለ።

ንጉሡ ሕዝቡን ሰበሰበና "ጎተራዬ ውስጥ የተረፈ ስንዴ አለ። ምን ላድርገው?" አለ።

"አስፈጭተው ይስጡን" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

አሮጊቷ ኤሊ ግን ቀስ ብላ አንገቷን ብቅ አደረገች። "ጌታዬ፣ ዱቄት ለዛሬ ነው፣ ዘር ለከርሞ ነው። ዱቄት ብቻ ከሰጧቸው ከርሞም እዚሁ ቆመው ይጠብቁዎታል። ዘር ብቻ ከሰጧቸው ደግሞ ሲርባቸው ይቆረጥሙታል። ከሁለቱም ይስጧቸው።"

ንጉሡ ምክሩን ወደደው። ለየቤቱ እሸት እስኪደርስ የሚያቆይ ዱቄት፣ ከዚያ ላይ አንድ አንድ ስልቻ የስንዴ ዘር እንዲሰጥ አዘዘ። ዘንድሮ ግብር የለም አለ። የገበያውን መንገድ ለመጥረግ የወጣ ሁሉ ምሳው ከቤተ መንግሥት ይሁን አለ። ሕዝቡም ስልቻውን ተሸክሞ እየመረቀ ወደየቤቱ ገባ።

እዚያው አገር አያ ጃርት የሚባል ነበረ። ምላሱ ከእሾሁ ይልቅ ይወጋል። ከኮረብታው ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አምና የሰበሰበው የገብስ ቆሎ። አንድ ቁና ቆሎ ይዞ እመት ዶሮ ደጃፍ ቆመ።

"እመት ዶሮ፣ ሳሉ ተመልሶ ቢመጣስ?"

"እግዜር አያምጣው። ምነው፣ ምን ሰማህ?"

"እኔማ ምን እሰማለሁ። ግን ቢመጣ ሁላችንም በር እንዘጋለን። የዘራሽውን ማን ያጭደዋል? ዘር አፈር ይበላዋል፤ ቆሎ ግን ቤት ተቀምጦ ይቆረጠማል። ዘሩን ስጪኝ፣ ቆሎውን ውሰጂ።"

"ቆሎህ እኮ የዘሩን ሩብ አይሆንም።"

"አይሆንም። ሥጋት ግን የለበትም።"

ዶሮ ፈራች፤ ሰጠችው። ቀጥሎ አያ አህያ ደጃፍ ቆመ። "አያ አህያ፣ ሳሉ ተመልሶ ቢመጣስ?" አህያም ፈራ፣ ሰጠው። ከዚያ አያ በሬ ዘንድ ሄደ። በሬ እንኳ "እኔ ገበሬ ነኝ፣ ዘሬን አልሰጥም" ብሎ ነበር። ጃርት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አያ በሬ፣ ሳሉ ተመልሶ ቢመጣስ? እናትህን አስብ እንጂ" አለው። በሬም ስልቻውን አውጥቶ ሰጠ። እንዲህ እያለ ጃርት የአገሩን ዘር ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ።

ክረምቱ ገባ፤ ምድሩ ራሰ። አያ በሬ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ማሳው ላይ ቆመ፤ የሚዘራው ግን የለውም። አፈረ። ወደ ጃርት ሄደና፣ "ዘሬን መልስልኝ" አለው።

"ዘርህንማ ቆሎ አድርገህ በልተኸዋል። ከእኔ ዘር ከፈለግህ ዓመቱን ሙሉ ለእኔ ታርሳለህ።"

በሬ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ለዶሮም ለአህያም የተሰጣቸው መልስ ይኸው ነው። ጃርትም ጉድጓዱ ገብቶ "ረኃቡ ሲጠናባቸው ሁሉም ይመጣሉ" ብሎ ስንዴው ላይ ተኛ።

ዝናቡ ግን በረታ። ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ ጉድጓዱ ገባ። ስንዴው ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ አብጦ አብጦ መውጫውን ደፈነው። ከታች ያለው ሻግቶ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ጃርት ውስጥ ተቀርቅሮ ይስል ጀመር። እህህ፣ እህህ።

ጎረቤት ሁሉ ሳሉን ሰማ። "ተመለሰ" ተባለ። በር ሁሉ ተዘጋ። ጃርት ከውስጥ "በሽታ አይደለም፣ ስንዴው ነው" እያለ ቢጮህ ማን ይመነው? ሳል ይመለሳል ብሎ ቤት ለቤት የዞረው ራሱ ነው።

አያ በሬ ሳሉን ሲሰማ መቀመጥ አቃተው። ተነሥቶ ወጣ። አያ አህያ በበሩ ስንጥቅ አየውና፣ "ወዴት ነው? ሳል አለ እኮ" አለው።

"ሰምቻለሁ። እናቴ ስትስል ከአጥር ውጭ ቆምኩ። ሁለተኛ አልቆምም።"

በሬ በቀንዱ ኮረብታውን ይቆፍር ገባ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ አሰመጠው። አፈሩ ሲናድ ስንዴው እንደ ጅረት ፈሰሰ፤ ከስንዴው ጋር ጃርት ተንከባልሎ ወጣ። አየር ሲያገኝ ሳሉ ተወው። በሬን ቀና ብሎ አየና፣ "ከእኔ ምን ፈልገህ መጣህ?" አለው።

"ምንም። ስትስል ሰማሁ፣ መጣሁ።"

ጃርትም ተነሥቶ የፈሰሰውን ስንዴ ከጭቃው ይለቅም ጀመር።

በሽታ አለመሆኑ ሲታወቅ አህያም ዶሮም መጡ። ኤሊ ስንዴውን አገላብጣ አየች። "የታችኛው ሻግቷል፤ የላይኛው ግን ማጎንቆል ጀምሯል። ዛሬ ካልተዘራ ነገ ይበሰብሳል" አለች። የማን ስልቻ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ደቦ ወጡና የሁሉንም ማሳ አንድ ላይ ዘሩ። በሬ አረሰ፣ አህያ ተሸከመ፣ ጃርት በጥፍሩ ጓሉን ከሰከሰ። ዶሮ ዘሩን አፈር አለበሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንድ ፍሬ ዋጥ ዋጥ አድርጋለች፤ ማንም ግን አልተናገራትም።

ንጉሡ ነገሩን ሲሰማ ጃርትን ከአገር ሊያባርረው ተነሣ። አያ በሬ ግን፣ "ጌታዬ፣ ይህ ምላስ በር ማስዘጋት ከቻለ በር ማስከፈትም ይችላል። አዋጅ ነጋሪ ያድርጉት" አለ። ንጉሡ ሳቀና ፈቀደ።

ስንዴው ታጭዶ ሲወቃ አያ ጃርት ቤት ለቤት ዞረ። "ጎረቤቶቼ፣ ገበያው ቆሟል፣ መንገዱም ተጠርጓል፣ ውጡ።" መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ፤ ኋላ ሁሉም። አያ አህያ ጨው ጭኖ ከቆላ ደረሰ። የእመት ዶሮ ሰፌዶች እስከ ቀትር አለቁ፤ አዲስ ስንዴ ማበጠሪያ ይፈልጋልና። አያ በሬ ምንም የሚገዛው ሳይኖር ጎረቤት ማየት ብቻ አምሮት ገበያውን ሲዞር ዋለ፤ ማታ የገባው ጠግቦና ደክሞት ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የዚያ አገር ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ፦

የተደበቀ ዘር ነቀዝ ያፈራል፤ የተበተነ ዘር ገበያ ይጠራል።